የባለሙያ ምላሽ፦ «የእናንተ ሰዎች ከፍታ አይፈሩም» ስለተባለው ዋርሳሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ካናዳ፣ አልበርታ ክፍለ ሀገር፣ ኤድመንተን ነው። ባለቤቴ ክሪ ከሚባለው የካናዳ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ነው። ታናሽ ወንድሙ 20 ዓመቱ ነው፤ ከከተማው በስተሰሜን ካለ ሪዘርቭ (ለነባሮች ከተከለለ መሬት) መጥቶ እኛ ጋ ይኖራል። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሷል፣ ሒሳብ ላይ ግን ደካማ ነው። አንድ የሥራ ኃላፊ ‹የእናንተ ሰዎች ከፍታ አይፈሩም፣ ኒውዮርክን የሠሩት እነሱ ናቸው፣ ብረት ላይ ውጣ› ብሎታል። እሱ ግን እንደሚፈራ ለእኔ ብቻ ነግሮኛል። አሁን ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) የሌለው አንድ ትንሽ ኮንትራክተር ሰኞ ጀምር ይለዋል። ባለቤቴ ደግሞ ዩኒየን ገብቶ ሙያ ይማር ይላል። የቱ ይሻላል? ደግሞስ ነባሮቹ ታክስ አይከፍሉም የሚባለው እውነት ነው?»

እህቴ፣ ዋርሳሽ ለአንቺ ብቻ ከነገረሽ ነገር ልጀምር። ከፍታ የሚፈራ ከሆነ ጤነኛ ነው። እኔ አልበርታ ውስጥ በብረት ግንባታ ላይ ስሠራ 16 ዓመቴ ነው፤ ጥርሴን የነቀልኩት እዚሁ ሙያ ላይ ነው። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ጀማሪዎችን፣ እኛ አፕረንቲስ የምንላቸውን፣ አስተምራለሁ። ዛሬም ቢሆን ጠዋት የመጀመሪያው ቢም፣ ማለትም አግድም ብረት፣ ላይ ስቆም ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። አብረውኝ የሠሩ የክሪና የሞሃውክ ልጆችም እንደዚያው ናቸው። የማይፈራ ሰው ከጎኔ እንዲቆም አልፈልግም። ቀበቶውን ማሰር የሚረሳው እሱ ነው።

ይህ «ከፍታ አይፈሩም» የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ግን ቢያውቅ ጥሩ ነው። እውነተኛው ታሪክ ከተረቱ ይልቅ ለእሱ ይበጀዋል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሞንትሪያል ፊት ለፊት፣ ከሴንት ሎውረንስ ወንዝ ማዶ፣ ካናዋኬ የሚባል የሞሃውክ መንደር አለ፤ ሞሃውኮች ከክሪ የተለዩ ሌላ ነባር ሕዝብ ናቸው። በ1886 የካናዳ ፓስፊክ የባቡር ድልድይ እዚያ ሊሠራ ሆነ። ድልድዩ የሚያርፈው በመንደሩ መሬት ላይ ስለነበር፣ ሥራውን የያዘው ዶሚኒየን ብሪጅ የመንደሩን ሰዎች ሊቀጥር ተስማማ። የታሰበላቸው የጉልበት ሥራ ነበር፤ ዕቃ ማውረድ፣ መሸከም። ወጣቶቹ ግን ብረቱ ላይ እየወጡ አላስቀምጥ አሉ። በኋላ ጥቂቶቹ ሪቬት፣ ብረትን ከብረት የሚያያይዘውን ወፍራም ምስማር፣ መምታት እንዲማሩ ተደረገ።

ሪቬት መምታት የአራት ሰው ሥራ ነበር። አንዱ ሪቬቱን ምድጃ ላይ ያግለዋል፤ ሲቀላ በጉጠት ይዞ ይወረውረዋል። ሁለተኛው በጣሳ ይቀልበውና ቀዳዳው ውስጥ ይከተዋል። ሦስተኛው ከኋላ በወፍራም ብረት ይደግፋል። አራተኛው በአየር መዶሻ ጫፉን ይመታዋል። ከአራቱ አንዱ ካልመጣ ሦስቱም ያን ቀን ሥራ የላቸውም። የጋለ ብረት ከሚወረውርልህ ሰው ጋር ደግሞ መተማመን አለብህ። ስለዚህ ወንድም ወንድሙን፣ አጎት የእህቱን ልጅ ይዞ ወጣ። አዲስ ልጅ ሲመጣ በአራቱ መሀል ይገባል፤ አንዱ ሲያርፍ እሱ ይሞክራል። አንዱ ቡድን ሌላውን እየወለደ ሄደ። ሚስጥሩ ይኸው ነው። ከደም የመጣ ነገር የለውም።

እኔ ይህን ነገር ሳስብ የአገራችን ቀጥቃጭ ትዝ ይለኛል። ማረሻችንንና ቢላችንን የሚሠራልንን ሰው «ቡዳ» አልነው፣ «ባለእጅ» ብለን ናቅነው፤ ልጃችንን አልሰጠነውም። ሞሃውኮቹን ደግሞ ያሞገሷቸው መስሏቸው «ፍርሃት የላቸውም» አሏቸው። አንዱ ስድብ ነው፣ ሌላው ሙገሳ። ሁለቱም ግን የሰውየውን ልፋት ይነጥቁታል። ዓመታት ፈጅቶ የተማረውን ሙያ አብሮት የተወለደ ያስመስሉታል። ዋርሳሽ ይህን ሙገሳ ካመነ፣ ብረት ላይ ወጥቶ ሲፈራ «እኔ የነሱ ልጅ አይደለሁም ማለት ነው» ብሎ ያፍራል። ያፈረ ልጅ አይጠይቅም። ያልጠየቀ ልጅ ይወድቃል።

ሌላም መስማት ያለበት ነገር አለ። ነሐሴ 29 ቀን 1907 ኩቤክ ከተማ አጠገብ ይሠራ የነበረው ትልቅ ድልድይ ተደርምሶ ወንዝ ገባ። 75 ሰው ሞተ። ከእነሱ 33ቱ የካናዋኬ ልጆች ነበሩ። ከአንድ ትንሽ መንደር ነው 33 ሰው የሞተው፤ ስንት ቤት እንደዘጋ አስቢው። የሞቱት ከፍታ ስለደፈሩ አይደለም። መሐንዲሶቹ የድልድዩን የራሱን ክብደት አሳንሰው ስላሰሉት ነው። ከመውደቁ በፊት በነበሩት ቀናት የታችኛው ብረት መጉበጡ ታይቶ ነበር፤ ሥራው ግን አልቆመም። መቃብራቸው ላይ ከብረት የተሠራ መስቀል ቆመላቸው። የመንደሩ ሴቶችም አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ፦ ከእንግዲህ ወንዶቻችን ሁሉ አንድ ሥራ ላይ አይገኙም፣ በተለያየ ቦታ ይከፋፈሉ አሉ። ከዚያ ወዲያ ነው የካናዋኬ ብረት ሠራተኛ አገር ላገር የዞረው።

ኒውዮርክም የሄዱት እንዲህ ነው። ኤምፓየር ስቴት፣ ክራይስለር፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ የእነሱ እጅ አለባቸው። ብሩክሊን ውስጥ ቁጥሩ 361 የሆነው የብረት ሠራተኞች ሎካል (የዩኒየን ቅርንጫፍ) አዳራሽ አቅራቢያ ሰፈር መሠረቱ። ሴቶቹ ቤት እያከራዩ፣ ምግብ እያቀረቡ ሰፈሩን አቆሙት። እዚያ የነበረ አንድ የፕሬስቢቴሪያን ቄስ ቋንቋቸውን ተምሮ በሞሃውክኛ ያስቀድስላቸው ነበር። ድንበሩም ቢሆን በቀላሉ አልተከፈተላቸውም። ፖል ዲያቦ የሚባል የካናዋኬ ብረት ሠራተኛ ፊላዴልፊያ ውስጥ ድልድይ ሲሠራ «ያለ ፈቃድ የገባ የውጭ አገር ሰው» ተብሎ ተያዘ። ተከራከረ፤ በ1927 ረታ፣ በ1928 ይግባኙም ለእሱ ጸና። ካናዳ የተወለዱ ነባሮች ዛሬ አሜሪካ ተሻግረው የሚሠሩበት መብት በ1794ቱ የጄይ ውል ላይ የቆመ ነው፤ የእሱም ክርክር አጽንቶታል።

ወደ ኤድመንተን ልመለስ። ይህን ሁሉ ያወራሁት አንድ ነገር ለማሳየት ነው። እነዚያን ሰዎች ያቆማቸው ሦስት ነገር ነው፦ አብሮ የሚወጣ ዘመድ፣ የሚያስተምር ሰው፣ ሥራ ሲያልቅ ተመልሰው የሚመዘገቡበት አዳራሽ። ለዋርሳሽም መፈለግ ያለባችሁ እነዚህኑ ነው። በእኔ ልምድ መግባቱ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከባዱ መጨረሱ ነው። በርካታ ጎበዝ የነባር ልጆች ሁለተኛው ዓመት ላይ ሲቀሩ አይቻለሁ። ሥራው ከብዷቸው አይደለም፤ ብቻቸውን ስለነበሩ ነው።

አሁን የሰኞውን ሥራ እንየው። ዩኒየን የሌለው ኮንትራክተር ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ጨዋ ቀጣሪዎች አሉ። ግን ዋርሳሽ እሺ ከማለቱ በፊት ይህን ይጠይቅ፦ «አፕረንቲስ አድርገህ በመንግሥት ታስመዘግበኛለህ? የምሠራው ምስክር ወረቀት ካለው ባለሙያ ጎን ነው? የትምህርት ጊዜዬ ሲደርስ ትለቀኛለህ?» መልሱ «እናያለን» ከሆነ፣ ይህ የቀን ሥራ ነው። የቀን ሥራ ኃጢአት አይደለም፤ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ነገር ግን ሦስት ዓመት ሠርቶ የተመዘገበ አንድ ሰዓት ላይኖረው ይችላል። ይህ የሚያንገበግብ ነው። የ35 ዓመት ጎልማሶች፣ እጃቸው ወርቅ የሆነ፣ ከዜሮ ሲጀምሩ አይቻለሁ።

አፕረንቲስ ማለት እየሠሩ መማር ነው። ኤሌክትሪክ 4 ዓመት ነው፤ የብረት ሥራ ከዚያ ያጥራል። አብዛኛውን ዓመት ሥራ ላይ ነው፤ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ እንደ ኔይት ያለ ኮሌጅ ይገባል። ደመወዙ የባለሙያውን ክፍያ በመቶኛ እየተከተለ ያድጋል። አልበርታ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጀማሪ ከ50 በመቶ ይነሳል፤ ከዚያ 60፣ 70፣ 80 እያለ ይሄዳል። ትምህርት ቤት ባለበት ሳምንታት የሥራ አጥ መድን ማመልከት ይችላል፤ የፌዴራሉ መንግሥትም ለእያንዳንዱ የትምህርት ዙር እስከ 4,000 ዶላር ያለ ወለድ ያበድራል። ሲጨርስ ሬድ ሲል የሚባለውን፣ በመላው ካናዳ የሚያሠራውን የሙያ ማኅተም ፈተና ያልፋል። ያን ማኅተም የያዘ ሰው ከኒውፋውንድላንድ እስከ ቫንኩቨር ያለ ሌላ ፈተና ይሠራል።

ለእሱ ወደ ዩኒየኑ የማደላው ግን ከገንዘቡ ይልቅ በአዳራሹ ምክንያት ነው። እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳሽ። ሥራ የለቀቀ አባል ስሙን ሰሌዳው ላይ ያስመዘግባል፤ ተራው ሲደርስ ይጠሩታል። ግንባታ ያልቃል፤ ያለቀ ዕለት ሁላችንም እንሰናበታለን። ይህ ለእኛ የተለመደ ነው። ከሪዘርቭ የመጣ ልጅ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የስንብት ወረቀቱን ሲሰጡት እንደተባረረ ይቆጥረዋል። አንድ ልጅ አውቃለሁ፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከቶ፣ ለማንም ሳይናገር አውቶብስ ተሳፍሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ስምንት ወር አልተመለሰም። እኛ እኮ በማግስቱ ሌላ ቦታ ጀምረናል! ያን ቀን አንድ ሰው ወደ አዳራሹ ይዞት ቢሄድ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ዋርሳሽ «ሥራ አለቀ» እና «ተባረርክ» የተለያዩ መሆናቸውን ከወዲሁ ይወቅ።

ለመግቢያው ኤድመንተን ላይ ትሬድ ዊንድስ ቱ ሰክሰስ የሚባል ድርጅት አለ። የሚያሠለጥነው ነባሮችን ብቻ ነው፤ ፈርስት ኔሽንስ (እንደ ክሪና ሞሃውክ ያሉት)፣ ሜቲስ (ከነባርና ከአውሮፓውያን የተወለዱት)፣ ኢኑዊት (የሰሜን ጫፍ ሕዝቦች)። ከሙያ ዩኒየኖቹ ጋር ነው የሚሠራው። ሒሳቡን ከሥሩ ያስከልሳል፣ ለመግቢያ ፈተናው ያዘጋጃል፣ ከዚያ ወርክሾፕ ያስገባል። የእኔ ምክር ሌላ ቦታ ከመሄዱ በፊት እዚያ እንዲሄድ ነው። አንደኛ፣ ሒሳብ ደካማ ነው ብለሻል። ሁለተኛና ዋናው፣ ከዚያ የሚወጣው ከጓደኞች ጋር ነው። ለጫማ፣ ለመሣሪያ፣ አንዳንዴም ለኑሮ የሚሆን ድጋፍ አይሴት በሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም በኩል ስለሚገኝ የባንዱን፣ ማለትም የሪዘርቩን አስተዳደር፣ ቢሮ ይጠይቅ። ይህን የሚያነብ የሜቲስ ቤተሰብ ካለ ደግሞ ሩፐርትስላንድ ኢንስቲትዩትን ይጠይቅ።

ስለ ሒሳቡ አትጨነቂ። የእኛ ሒሳብ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። ሜትር ግዙለት፤ ኢንች ያለበትን። ሰባት ስምንተኛ ከሦስት አራተኛ እንደሚበልጥ ዓይኑ በአንድ ጊዜ እስኪለይ ድረስ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ይለካ። ከዚያ ይህን ጠይቂው፦ 1,000 ኪሎ ብረት በሁለት ገመድ ክሬን ላይ አንጠልጥለናል፤ እያንዳንዱ ገመድ ስንት ይሸከማል? «500» ይላል። ገመዶቹ ቀጥ ብለው ከወረዱ ልክ ነው። ገመዶቹ ተንጋደው ከአግድሙ 30 ዲግሪ ብቻ ከቀራቸው ግን እያንዳንዱ ገመድ ሙሉ 1,000 ኪሎ ይሸከማል። ብረቱ አልከበደም፤ ማዕዘኑ ነው የጠበበው። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሒሳብ አልወድም ያለ ልጅ ሁሉ ሦስት ማዕዘን መሣል ይጀምራል፤ የሰው ሕይወት እንደሆነ ገብቶታላ።

መንጃ ፈቃድ ከሌለው ዛሬ ይጀምር። ብዙ ሥራ ከከተማ ውጭ ነው፤ ጠዋት በፈረንጅ ሰዓት 6፡30 ላይ አውቶብስ አይደርስለትም። የመጀመሪያ እርዳታና ከከፍታ የመጠበቅ ሥልጠና ወረቀቶቹንም ያውጣ። ነዳጅ ወደሚወጣበት ወደ ሰሜን አልበርታ፣ ወደ ፎርት ማክመሪ የሚሄድ ከሆነ ካምፕ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት መቆየት አለ፤ ከመግባቱ በፊት የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ አለ። ይህን ሳትሸፋፍኑ ንገሩት።

አሁን ብዙ መካሪ የሚዘነጋውን ላንሳ። እንደ እኛ ሰው በደንብ የሚገባው የለም፤ ለቅሶ ነው።

ከዓመታት በፊት አብሮኝ የሚሠራ አንድ የክሪ ባለሙያ ነበር። ቢም ላይ መራመድ ያስተማረኝ እሱ ነው። «እግርህን አትይ፤ ብረቱ የሚያልቅበትን እይ» ይለኝ ነበር። እጁ ላይ ቡሎን ማስገባት መርፌ ላይ ክር እንደማስገባት ቀላል ነበር። አንድ ቀን አያቱ አረፈች። ያሳደገችው እሷ ናት። ለፎርማኑ፣ ለሥራ ተቆጣጣሪው፣ ነግሮ ሄደ። በእነሱ ዘንድ ሬሳው ብቻውን አይተውም፤ ሌሊቱን ይጠበቃል፣ እሳት ይለኮሳል፣ ምግብ ይሠራል፣ ሰው ከሩቅ ይመጣል። አራት ቀን ቆየ። ሲመለስ «ያለ ፈቃድ ቀርተሃል» ተብሎ ስሙ ከዝርዝር ወጥቶ አገኘው። ፎርማኑ ለአያት አንድ ቀን ይበቃል አለ። አንጀቴ አረረ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ድንኳን ተጥሎ ሦስት ቀን የሚቀመጥበት አገር ነው ያደግሁት፤ ሰው ቀብሮ በማግስቱ ብረት ላይ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ከፍታ ላይ አደጋ ነው፣ ለራሱም ለእኛም። የሎካሉ ተወካይ ጉዳዩን ይዞ ከኩባንያው ጋር ተከራከረ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሥራው ተመለሰ። ዩኒየን ባይኖር ኖሮ ወረቀቱን ይዞ ሄዷል፤ እኔም አስተማሪዬን አጥቻለሁ።

ስለዚህ ዋርሳሽ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት የሠራተኞቹ ተወካይ ማን እንደሆነ ይወቅ። ለቅሶ ሲመጣ ለፎርማኑም ለተወካዩም ይንገር፤ በቃል ብቻ ሳይሆን በስልክ መልእክትም፣ ከመሄዱ በፊት። የጽሑፍ ማስረጃ ያለው ሰው ላይ «አልነገረኝም» ማለት አይቻልም።

ዩኒየኖቹ ራሳቸው ሁልጊዜ በራቸውን ከፍተው ጠብቀዋል ማለቴ አይደለም። አባቱ አባል የነበረ ልጅ ቀድሞ የሚገባበት ዘመን ረጅም ነበር፤ አባቱ አባል ላልሆነው በሩ ጠባብ ነው። አሁንም ሳይት ላይ ክፉ ቀልድ ይሰማል። እኔም ሰምቻለሁ። ነባሮቹ ግን ከዩኒየን ውጭ ቆመው የጠበቁ እንግዶች እንዳልነበሩ ዋርሳሽ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ቫንኩቨር ወደብ ላይ በ1906 እንጨት የሚጭኑ የስኳሚሽና የጽሌይል-ዋውቱት ሰዎች የራሳቸውን ሎካል አቋቁመው ነበር፤ ሰዉ «ቀስትና ፍላጻ» እያለ ይጠራው ነበር። በማኒቶባ ሰሜን ያሉት የውሃ ኃይል ግድቦች ሲሠሩ ደግሞ በርንትዉድ ኔልሰን የሚባለው የሠራተኛ ስምምነት የአካባቢው ነባሮች በቅጥር ቅድሚያ እንዲያገኙ በጽሑፍ አስገብቷል። ቅድሚያ ማግኘት ልመና አይደለም። መሬቱ የእነሱ ነው።

የፍርሃቱ ጉዳይስ? አሠልጣኙን ይንገረው። እኔ ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማራምደው መሬት ላይ በተጋደመ ቢም ነው። ከዚያ ከፍ ይላል፤ ቀበቶው ሁልጊዜ ይታሰራል። ብዙው ሰው በጥቂት ወራት ይለምደዋል። ካልለመደውም ኤሌክትሪክ አለ፣ ቧንቧ አለ፣ ብየዳ አለ። ሥልጠናው ላይ ሁሉንም በእጁ ይነካቸዋል። እጁ የወደደውን ይምረጥ። የማንም ተረት ማሟያ መሆን የለበትም።

በመጨረሻ ታክሱ። ነባሮች ታክስ አይከፍሉም የሚባለው እንደተባለው አይደለም። ስለ ነባሮች የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ የኢንዲያን አክት፣ አንቀጽ 87 ነፃ የሚያደርገው በሕጉ መሠረት የተመዘገበ ሰው ሪዘርቭ ላይ የሚያገኘውን ገቢ ነው። ዋርሳሽ ኤድመንተን መሀል ወይም ፎርት ማክመሪ ሳይት ላይ ቢሠራ እንደ እኔና እንደ አንቺ ይከፍላል። ሪዘርቭ ላይ የሚገነባ ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ ላይ ከተላከ ግን ነፃ ሊሆን ስለሚችል፣ ያን ጊዜ ለደመወዝ ክፍሉ ቀድሞ ፎርሙን ይስጥ። የዩኒየን መዋጮው ከገቢው ላይ ይቀነስለታል። ከቤቱ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በጊዜያዊነት ከሠራ ደግሞ የጉዞና የማደሪያ ወጪውን በዓመት እስከ 4,000 ዶላር ማስቀነስ ይችላል። ካኪው ኪስ ውስጥ ደረሰኝ እንዳይታጠብበት፣ የማስቀመጫ ሳጥን ከአሁኑ አዘጋጁለት።